የክሎክ ፍጥነትና የሲግናል ፍጥነት አንድ አይደሉም፦ ስለ ራስበሪ ፓይ ብልሽቶች ለተሰጠ ምክር የቀረበ ምላሽ

ለኤሌክትሮኒክስ ተማሪዎችና ጀማሪዎች ታስቦ የተጻፈ አንድ ጽሑፍ ሰሞኑን እጄ ገብቶ አነበብኩት። የሚያወራው እንደ ራስበሪ ፓይ ባሉ ባለ አንድ ቦርድ ኮምፒውተሮች ላይ ስለሚያጋጥሙ፣ ምክንያታቸው በቀላሉ ስለማይገኝ ብልሽቶች ነው። ስክሪኑ በድንገት ይዘበራረቃል፣ ሴንሰሩ የማይመስል ቁጥር ይልካል፣ ዋይፋዩ ይጠፋል፣ ዲስኩ ተላቀቀ ተብሎ ይመዘገባል። የጸሐፊው ምክር ሲጨመቅ እንዲህ ነው፦ ከ10 ሜጋኸርዝ በታች የሚሠራ ሰው ስለ ከፍተኛ ፍሪኩዌንሲ አይጨነቅ፤ ጥፋቱ ሁልጊዜ ማለት ይቻላል የቻርጀሩ ነው፤ ቻርጀሩ ካልሆነ ሽቦውን በወፍራም ይተካ፤ በየአይቱሲ (ሴንሰሮች በሁለት ሽቦ ከቦርዱ ጋር የሚነጋገሩበት መስመር) ሞጁሉ ላይ ረዚስተር ይጨመር፤ ዋይፋይ ከጠፋ ሶፍትዌሩ እንደገና ይጫን፤ በፒሲአይ ኤክስፕረስ (ፈጣን የመሣሪያ ማገናኛ መስመር) የተገጠመ ዲስክ ከተነሳ ጤነኛ ነው፤ ይህ ሁሉ ተሞክሮ ካልሠራ ቦርዱ ተበላሽቷልና ይቀየር፤ ከዚያ ያለፈው ምርመራ ውድ ኦሲሎስኮፕ (የሲግናልን ቅርጽ በስክሪን የሚያሳይ መለኪያ) ላለው ብቻ ነው።

ጸሐፊው ይህን የጻፉት ሌላውን ለመርዳት እንደሆነ አልጠራጠርም። ምክሩ ግን ተማሪዎችን ገንዘብም ተስፋም ያስከፍላል። እኛ አገር አንድ ቦርድ በውድ ይገዛል፤ ብዙ ጊዜም ከውጭ የሚመጣ ዘመድ በሻንጣው ይዞት እስኪገባ ይጠበቃል። ጤነኛ ቦርድ ተበላሽቷል ተብሎ ሲጣል የመመረቂያ ሥራውም አብሮ ሊቆም ይችላል። ስለዚህ ነጥብ በነጥብ እመልሳለሁ፤ ጸሐፊው ትክክል የሆኑበት ቦታም አለና እሱንም እናገራለሁ።

«ክሎኩ ከ10 ሜጋኸርዝ በታች ከሆነ የሽቦው ርዝመትና አቀማመጥ ለውጥ አያመጣም።»

ሌሎቹ ስሕተቶች በሙሉ የሚመነጩት ከዚህ ስለሆነ እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ። ክሎኩ (የዳታውን ምት የሚመታው ሲግናል) የሚነግረን ሲግናሉ በሰከንድ ስንት ጊዜ ከዜሮ ወደ አንድ እንደሚሄድ ነው። እያንዳንዱ ሽግግር ምን ያህል ጊዜ እንደሚፈጅ ግን ከክሎኩ አይታወቅም፤ ያንን የሚወስነው ፒኑን የሚነዳው የቺፑ ክፍል ነው። የራስበሪ ፓይ ፒን በሰከንድ አንድ ጊዜ ብቻ ቢበራና ቢጠፋ እንኳን ከ0 ወደ 3.3 ቮልት የሚሻገረው በጥቂት ናኖ ሰከንድ ውስጥ ነው። 2 ናኖ ሰከንድ ነው እንበል። መሐንዲሶች በሚጠቀሙበት የተለመደ ስሌት 0.35 ለሽግግሩ ጊዜ ሲካፈል በሲግናሉ ውስጥ ያለውን ከፍተኛ ፍሪኩዌንሲ በግምት ያሳያል፤ እዚህ ላይ 175 ሜጋኸርዝ ይሆናል። ክሎኩ 1 ሜጋኸርዝም ይሁን 1 ኪሎኸርዝ ይህ ቁጥር አይለወጥም።

ሲግናል በተራ ጃምፐር ሽቦ ላይ በአንድ ናኖ ሰከንድ 20 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ይጓዛል። ስለዚህ የ2 ናኖ ሰከንድ ሽግግር በሽቦው ላይ ተዘርግቶ ሲታይ 40 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይይዛል። ሽቦው ከዚህ አንድ ስድስተኛውን፣ ማለትም 7 ሴንቲ ሜትር ያህሉን፣ ሲያልፍ ሁለቱን ጫፎቹን እንደ አንድ ነጥብ ማየት አይቻልም። ከሽቦው ጫፍ የደረሰው ሞገድ በሴንሰሩ መግቢያ ላይ የሚቀበለው አጥቶ ወደ ኋላ ይንጸባረቃል፤ ከመነሻው ደርሶ ደግሞ እንደገና ይመለሳል። በየሱቁ የሚሸጠው የተለመደ ጃምፐር ሽቦ 20 ሴንቲ ሜትር ነው። ስለዚህ «አጭር» የምንለው ሽቦ ለዚህ ሲግናል ረጅም ነው።

ይህ መንጸባረቅ በዳታ መስመር ላይ ብዙ ጊዜ ጉዳት የለውም፤ ምክንያቱም ዳታው የሚነበበው ሲግናሉ ከተረጋጋ በኋላ ነው። በክሎክ መስመር ላይ ግን አደገኛ ነው። የኤስፒአይ (ስክሪንና ሴንሰር ከቦርዱ ጋር የሚገናኙበት ሌላ መስመር) ክሎክ ወደ ላይ ወጥቶ፣ ጥቂት ወደ ታች ተንሸራትቶ፣ እንደገና ቢወጣ ተቀባዩ ቺፕ አንዱን ምት ሁለት አድርጎ ሊቆጥረው ይችላል። ከዚያች ቅጽበት ጀምሮ ዳታው ሁሉ በአንድ ቢት ይንሸራተታል። ስክሪኑ እስኪጠፋና እስኪበራ ድረስ የተዘበራረቀ ምስል የሚያሳየው በአብዛኛው በዚህ ምክንያት ነው። ጸሐፊው «ክሎኩን ወደ 100 ኪሎኸርዝ አውርደህ ካልተስተካከለ ቦርዱ ሞቷል» ሲሉ ያልተገነዘቡት ይህን ነው። ክሎኩ ሲወርድ የሽግግሩ ፍጥነት አብሮት አይወርድም፤ ስለዚህ ሁለት ጊዜ መቆጠሩ በ100 ኪሎኸርዝም ይቀጥላል።

ክሎኩን ማውረድ ግን እንደ መፍትሔ ባይሆንም እንደ ምርመራ እጅግ ጠቃሚ ነው። ሲወርድ ችግሩ ከጠፋ፣ ሲግናሉ ለመረጋጋት ጊዜ አጥቶ ነበር ማለት ነው። ሲወርድ ምንም ካልተለወጠ፣ በክሎኩ ጠርዝ ላይ ወይም በግራውንዱ (ጅረቱ የሚመለስበት የዜሮ ቮልት መስመር) ላይ የሚፈጠር ረብሻ ይጠረጠራል። ለክሎኩ ጠርዝ ረብሻ የሚሆነው መድኃኒት ከ22 እስከ 47 ኦም የሆነ ረዚስተር በሲግናሉ መነሻ አጠገብ በተከታታይ ማስገባት ነው። የሚቀመጥበት ቦታ ወሳኝ ነው። ለክሎክና ከፓይ ወደ ውጭ ለሚሄደው ዳታ በፓይ በኩል፣ ከሴንሰሩ ወደ ፓይ ለሚመጣው ዳታ ደግሞ በሴንሰሩ በኩል ይገባል። እንዲህ ዓይነት ረዚስተር ከማንኛውም አሮጌ ቦርድ ላይ ሊነቀል ይችላል። ምንም ሳይበየድ የሚሞከር ሌላ መንገድም አለ። እስከ ራስበሪ ፓይ 4 ባሉት ቦርዶች የፒኖቹ የመንዳት አቅም (ፒኑ ጅረት የሚገፋበት ጉልበት) ከ2 እስከ 16 ሚሊአምፒር በ2 እየጨመረ በሶፍትዌር ይስተካከላል፤ ሲነሳ የሚሆነው 8 ነው። በራስበሪ ፓይ 5 ደግሞ ምርጫዎቹ 2፣ 4፣ 8 እና 12 ናቸው። አቅሙን ዝቅ አድርጎ ስሕተቱ ከቀነሰ ምክንያቱ በእጅ ገባ ማለት ነው።

«ወፍራም ሽቦ ተጠቀም።»

ውፍረት ረዚስታንስን ይቀንሳል፤ እዚህ ያለው ችግር ግን የኢንዳክታንስ (ሽቦው የጅረትን ፈጣን ለውጥ የመቋቋም ባሕርይ) ነው። ግማሽ ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው 20 ሴንቲ ሜትር ቀጥ ያለ ሽቦ በስሌት 250 ናኖሄንሪ ገደማ አለው። ውፍረቱን እጥፍ ብናደርገው ወደ 225 ነው የሚወርደው፤ ቅናሹ አንድ አሥረኛ ያህል ብቻ ነው። በዚህ ሽቦ ውስጥ የሚያልፈው ጅረት በ2 ናኖ ሰከንድ ውስጥ በ10 ሚሊአምፒር ቢለወጥ፣ ሽቦው ለብቻው ሲታሰብ በሁለቱ ጫፎቹ መካከል 1.25 ቮልት ይፈጠራል። በ3.3 ቮልት ለሚሠራ ሰርኪዩት ይህ ዜሮውን ወደ አንድ ሊያስጠጋ የሚችል መጠን ነው። ያ ሽቦ የግራውንድ ሽቦ ሲሆን ደግሞ ሁሉም ሲግናሎች በአንድ ላይ ይረበሻሉ።

ዋናው ጥያቄ ጅረቱ በየት በኩል ይመለሳል የሚለው ነው። ወደ ሴንሰሩ የሄደ ጅረት ሁሉ ወደ ፓይ መመለስ አለበት። ፍሪኩዌንሲው ከፍ ሲል ጅረቱ የሚመርጠው ኢንዳክታንሱ ዝቅተኛ የሆነውን መንገድ ነው፤ ይህም ከሄደበት ሽቦ አጠገብ ያለው ነው። አጠገቡ ግራውንድ ካላገኘ ዞሮ ይመለሳል፤ የዞረበት ክልል በሰፋ ቁጥር ኢንዳክታንሱ ያድጋል፣ ከአጎራባች ሽቦዎችም ረብሻ ይሰበስባል።

እዚህ ላይ የራስበሪ ፓይን ባለ 40 ፒን ረድፍ በትኩረት ማየት ይገባል። አብዛኛው ጀማሪ ግራውንዱን የሚወስደው ከፒን 6 ነው፤ ለ5 ቮልቱ ቅርብ ስለሆነና በየሥዕሉ ላይ እሱ ስለሚታይ። የኤስፒአይ ክሎክ ግን ያለው ፒን 23 ላይ ነው። ቦርዱ ስምንት የግራውንድ ፒኖች አሉት፦ 6፣ 9፣ 14፣ 20፣ 25፣ 30፣ 34 እና 39። ፒን 25 ከክሎኩ ጎን ነው። ከፒን 25 አንድ ግራውንድ ወስዶ ከክሎኩ ሽቦ ጋር እስከ ሴንሰሩ ድረስ መጠምዘዝ፣ ከፒን 20 ሌላ ወስዶ በፒን 19 ከሚወጣው ዳታ ጋር መጠምዘዝ፣ ማንኛውም ወፍራም ሽቦ የማያመጣውን ለውጥ ያመጣል። ወጪው ሁለት ተጨማሪ ጃምፐር ነው። ጸሐፊው ስለ ግራውንድ አንድም ዓረፍተ ነገር አለመጻፋቸው ከሁሉም በላይ አሳዝኖኛል።

በየቦታው 100 ናኖፋራድ ካፓሲተር (ቻርጅ የሚያከማች ትንሽ አካል) ይጨመር ስላሉት ባጭሩ፦ ከቺፑ እግር ሥር ከተበየደ ጥሩ ነው። ነገር ግን 1 ናኖሄንሪ ብቻ የውስጥ ኢንዳክታንስ ቢኖረው ከ16 ሜጋኸርዝ አካባቢ በላይ እንደ ካፓሲተር መሥራቱን ይተዋል። በረጅም ሽቦ ጫፍ ላይ ቢንጠለጠል ደግሞ ከዚያም በጣም ቀድሞ።

«ችግሩ ሁልጊዜ ማለት ይቻላል የኃይል አቅርቦት ነው።»

እዚህ ላይ ጸሐፊው ግማሽ መንገድ ትክክል ናቸው፤ ከኃይል መጀመር ተገቢ ነው። ግን ኃይልን በግምት መጠርጠር አያስፈልግም፤ ቦርዱ ራሱ ይናገራል። ቮልቴጁ ከ4.63 በታች ሲወርድ ራስበሪ ፓይ በከርነሉ (የኦፐሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት) መዝገብ ላይ ማስጠንቀቂያ ይጽፋል፤ ከተነሳበት ጊዜ ጀምሮ ወርዶ እንደነበረም ምልክት ይይዛል። በራስበሪ ፓይ 5 ላይ ሌላም ነገር አለ። ቻርጀሩ 5 ቮልት ላይ 5 አምፒር እንደሚሰጥ ካላሳወቀ ለዩኤስቢ መሣሪያዎች ሁሉ በድምሩ የሚፈቀደው 600 ሚሊአምፒር ነው፤ ካሳወቀ 1.6 አምፒር ይሆናል። በዩኤስቢ የተገጠመ ዲስክ ሥራ ሲበዛበት የሚላቀቅ ከሆነ በእርግጥም ቻርጀሩ ቀድሞ ይታይ።

ምልክቱ ንጹሕ ከሆነ ግን ቻርጀር እየቀያየሩ መቀጠል ጊዜ ማባከን ነው። የኃይል ችግር ብዙ ነገሮችን በአንድ ጊዜ ይጥላል፦ ዩኤስቢውም ይላቀቃል፣ ቦርዱም ዳግም ይነሳል። የሲግናል ችግር አንድ መስመር ላይ ይጸናል፤ ሌላው ሁሉ በሰላም እየሠራ አንዱ ብቻ የዳታ ማረጋገጫ ስሕተት ይመዘግባል። የሜሞሪ ካርድን ምሳሌ ልውሰድ። በማራዘሚያ ገመድ የተገጠመ ካርድ በከርነሉ መዝገብ ላይ ስሕተት −84 ካስመዘገበ ዳታው ደርሷል፣ ግን ተበላሽቶ ነው የደረሰው፤ −110 ከሆነ ደግሞ ካርዱ በጊዜው አልመለሰም። የመጀመሪያው በቀጥታ ወደ ገመዱ ይጠቁማል። ሁለቱን ለይቶ ማንበብ ገንዘብ አይጠይቅም።

«በየአይቱሲ ሞጁሉ ላይ 4.7 ኪሎኦም ጨምር።»

ይህ ምክር ያባብሳል። ራስበሪ ፓይ በሁለቱ የአይቱሲ ፒኖቹ ላይ መስመሩን ወደ 3.3 ቮልት የሚስቡ 1.8 ኪሎኦም ረዚስተሮች አሉት። ሦስት ሞጁሎች እያንዳንዳቸው 4.7 ኪሎኦም ቢጨምሩ በትይዩ ሲደመሩ ጠቅላላው 840 ኦም ገደማ ይሆናል። መስመሩን ወደ 0.4 ቮልት ለማውረድ ቺፑ 3.5 ሚሊአምፒር አካባቢ መሳብ ይኖርበታል፤ ለተለመዱት ፍጥነቶች ደንቡ የሚጠይቀው 3 ብቻ ነው። ስለዚህ ዜሮው ዜሮ መሆን ያቅተዋል። ለ400 ኪሎኸርዝ የሚፈቀደው የመውጫ ጊዜ (ከዜሮ ወደ አንድ መሻገሪያው) 300 ናኖ ሰከንድ ነው፤ በ1.8 ኪሎኦም ብቻ ይህ የሚሟላው የመስመሩ ካፓሲታንስ (ቻርጅ የመያዝ አቅሙ) እስከ 200 ፒኮፋራድ ገደማ ሲሆን ነው። ሽቦው ረዝሞ ከዚያ ካለፈ ፍጥነቱን ወደ 100 ኪሎኸርዝ ማውረድ ይሻላል፤ ለአይቱሲ ይህ እውነተኛ መፍትሔ ነው።

«ዋይፋይ ሲጠፋ ሶፍትዌሩን እንደገና ጫን።»

ዋይፋዩን የሚያጠፋው አጠገቡ የተሰካ የዩኤስቢ 3.0 ዲስክ ሊሆን ይችላል። ዩኤስቢ 3.0 በሰከንድ 5 ጊጋቢት ይልካል። ዳታው ሆን ተብሎ ስለሚደባለቅ ኃይሉ በአንድ ቦታ አይከማችም፤ 2.5 ጊጋኸርዝን ጨምሮ በሰፊው ይበተናል። የ2.4 ጊጋኸርዝ ዋይፋይና ብሉቱዝ የሚሠሩት ከ2400 እስከ 2483.5 ሜጋኸርዝ ባለው ክልል ነው። ኢንቴል በ2012 ስለዚህ ጉዳይ ራሱን የቻለ ሰነድ አውጥቷል። ረብሻው የሚወጣው ከመሰኪያውና በደንብ ካልተሸፈነ ገመድ ነው። ዲስኩ ፋይል እየላከ ባይሆንም መስመሩ ነቅቶ እስካለ ድረስ ባዶ ምልክቶችን መላኩን ስለሚቀጥል፣ «ዲስኩ ሥራ ላይ አልነበረም» ማለት ነጻ አያወጣውም። ለማረጋገጥ ዲስኩን ነቅሎ ወደ ዩኤስቢ 2.0 መሰኪያ ማዛወር በቂ ነው። ዋይፋዩ ከዳነ ጥፋተኛው ታውቋል። ከዚያ በኋላ በደንብ የተሸፈነ ገመድ መጠቀም፣ በዩኤስቢ የሚሰካ የዋይፋይ መቀበያ ካለ በማራዘሚያ ማራቅ፣ ወይም ወደ 5 ጊጋኸርዝ መሻገር ይቻላል። ሶፍትዌሩ መቶ ጊዜ ቢጫን ይህን አይለውጠውም።

ከዚህ ይበልጥ የሚያስደንቀው በ2019 መጨረሻ የራስበሪ ፓይ 4 ተጠቃሚዎች ያስተዋሉት ነው፦ ስክሪኑን በ2560 በ1440 ሲያደርጉት ዋይፋዩ ይጠፋል፣ ወደ 1920 በ1080 ሲመልሱት ይመጣል። ቁጥሩን አብረን እናስላ። የመጀመሪያው ምስል በ60 ኸርዝ የሚጠቀመው የፒክሰል ክሎክ 241.5 ሜጋኸርዝ ነው። አሥረኛው ሃርሞኒክ (የክሎኩ አሥር እጥፍ የሆነው ፍሪኩዌንሲ) 2415 ሜጋኸርዝ ይሆናል፤ የዋይፋይ ቻናል 1 ማዕከል ደግሞ 2412 ነው። የሁለተኛው ምስል ክሎክ 148.5 ሜጋኸርዝ ነው። አሥራ ስድስተኛው ሃርሞኒክ 2376፣ አሥራ ሰባተኛው 2524.5 ነው፤ አንዱ ከዋይፋዩ ክልል በታች፣ ሌላው በላይ ያልፋል። በእርሳስና በወረቀት የሚደረስበት እንዲህ ያለ ማስረጃ እያለ ተማሪን ሶፍትዌር ሲጭን እንዲያድር መምከር አይገባም።

«ዲስኩ ከተነሳ በትክክል ሠርቷል።»

ራስበሪ ፓይ 5 በ2023 ሲመጣ አንድ የፒሲአይ ኤክስፕረስ መስመር በጠፍጣፋ ገመድ መሰኪያ ለተጠቃሚው ከፈተ። የተፈቀደለት ሁለተኛው ትውልድ ነው፤ በሰከንድ 5 ጊጋ ሽግግር፣ በባይት ሲታሰብ እስከ 500 ሜጋባይት። በማስተካከያ ፋይሉ ላይ አንድ መስመር በመጨመር ወደ ሦስተኛው ትውልድ ማሳደግ ይቻላል፤ ሽግግሩ 8 ጊጋ፣ ዳታው እስከ 985 ሜጋባይት ይሆናል። አምራቹ ግን ቦርዱ ለዚህ ፍጥነት እንዳልተረጋገጠና ላይረጋጋ እንደሚችል በግልጽ ጽፏል።

ጸሐፊው የዘነጉት ፒሲአይ ኤክስፕረስ ስሕተቱን ራሱ የሚደብቅ መስመር መሆኑን ነው። እያንዳንዱ ጥቅል የማረጋገጫ ቁጥር ይዞ ይሄዳል፤ ተበላሽቶ ከደረሰ ተቀባዩ አልቀበልም ይላል፣ ላኪውም ይደግመዋል። ስለዚህ በመጥፎ ገመድ ላይ ዲስኩ ይነሳል፣ ፋይልም ይከፍታል፤ ከሥር ግን መደጋገሙ ይበዛል። ቦርዱ ሲሞቅና ሥራው ሲከብድ ደግሞ ዲስኩ በድንገት ይሰወራል፤ ያኔ ሰው ዲስኩን ይወቅሳል። ከመነሳቱ ይልቅ ሁለት ነገሮች ይታዩ፦ መስመሩ በየትኛው ፍጥነት ላይ እንደተስማማና በከርነሉ መዝገብ ላይ «ተስተካክሏል» የተባሉ ስሕተቶች እየተጠራቀሙ መሆናቸው። ዲስኩን ከዳር እስከ ዳር በተደጋጋሚ እያነበቡ ቁጥሩ ካልቆመ ገመዱን አውጥቶ ቀጥ አድርጎ መክተት፣ ኢምፒዳንሱ (ለፈጣን ሲግናል ያለው ተቃውሞ) ተጠብቆ በተሠራ አጭር ገመድ መቀየር፣ ካልሆነም ወደ ሁለተኛው ትውልድ መመለስ ነው።

«ውድ ኦሲሎስኮፕ ከሌለህ አትሞክረው።»

ለ5 ጊጋቢት ሲግናል የሚሆን ኦሲሎስኮፕ በእርግጥም በተማሪ አቅም አይገዛም። በብዙ ቤተ ሙከራዎች ያለው የ100 ሜጋኸርዝ መሣሪያ የራሱ የመውጫ ጊዜ 3.5 ናኖ ሰከንድ ስለሆነ የ2 ናኖ ሰከንድን ጠርዝ 4 አድርጎ ያሳየዋል። ይባስ ብሎ የመለኪያው ረጅም የግራውንድ መቆንጠጫ 120 ናኖሄንሪ፣ ጫፉ 12 ፒኮፋራድ ቢኖራቸው በ133 ሜጋኸርዝ አካባቢ በራሳቸው ይንቀጠቀጣሉ፤ ተማሪው የሚያየው መንቀጥቀጥ የቦርዱ ሳይሆን የመለኪያው ሊሆን ይችላል። መቆንጠጫውን አውልቆ በጫፉ ላይ አጭር ሽቦ መጠምጠም ይህን በጣም ያሻሽለዋል። ርካሹ የ24 ሜጋኸርዝ ሎጂክ አናላይዘር ደግሞ ዜሮና አንድን እንጂ የሞገዱን ቅርጽ አያሳይም፤ ለ2 ናኖ ሰከንድ መንሸራተት ዓይን የለውም።

ነገር ግን እስካሁን ከዘረዘርኩት ምርመራ ውስጥ ኦሲሎስኮፕ የጠየቀ አንድም አልነበረም። የቦርዱ የስሕተት መዝገቦች መለኪያዎች ናቸው። አንድ ነገር ብቻ ይለወጥ፣ ስሕተቱ በሰዓት ስንት እንደሆነ ይጻፍ፣ ከዚያ ቀጣዩ ይለወጥ። የመንዳት አቅሙ ዛሬ፣ ግራውንዱ ነገ። ሁለቱ በአንድ ጊዜ ከተለወጡ ግን ቢሻሻልም የትኛው እንዳዳነው አይታወቅም።

ጸሐፊው «ክሎኩ ወርዶ ካልተስተካከለ ቦርዱ ሞቷል፣ ይቀየር» የሚለውን መስመር ከጽሑፋቸው እንዲያወጡት በአክብሮት እጠይቃለሁ። ሌላው ሁሉ ቀስ ብሎ ሊታረም ይችላል፤ ይህን መስመር ያነበበ ተማሪ ግን ጤነኛ ቦርዱን ዛሬ ሊጥለው ይችላል።